ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከጉና ሥር ያለ የእሳት ታሪክ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ሳትሰሙ ያደጋችሁ አትመስሉኝም። ጥርሱን ያመመውን ጓደኛችንን ሐኪም ቤት ሂድ ለማለት እንጠቀምበታለን። የቤት ኪራይ ውዝፍ ሲጠራቀም ይባላል፤ ባልና ሚስት መኳረፍ ሲያበዙ ይባላል፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይም አይቀርም። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ ለሁሉም ይሆናል። ለሁሉም ስለሚሆን ይመስለኛል ቅጠሉ የምን ቅጠል እንደሆነ፣ ማን ለምን እንደያዘው የሚጠይቅ የጠፋው።

የእናቴ ወገኖች የላይ ጋይንት ሰዎች ናቸው። እዚያ ቅጠሉ ቅጠል ነው። ከአምጃ ወይም ከሌላ ቁጥቋጦ ከነእርጥቡ የተቆረጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ነው። ሣር ላይ የሚሮጥ እሳት ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ በዚያ ይመታል፣ ይዳፈጣል፣ ይጠፋል። ካለፈ ግን ቅጠል የያዘ ሰው ሊጠጋው አይችልም፤ ወላፈኑ ፊት ይልጣል። በሁለቱ መሀል ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት። አባባሉም የሚናገረው ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው።

እኔም ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚያች ጊዜና ካለፈች በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። ከቤት ማዶ ተራራ ሲቃጠል ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? እንጀራ ይጋገራል ወይ? ከብቱ የት ያድራል? ልጅስ? ስለ እሳት የተጻፈልን ታሪክ ሞልቷል፤ ስለዚህ ግን ብዙም አይነግረንም።

ነፋስ የሚወጣበት አገር

አገሩን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ከጣና ሐይቅ ተነሥታችሁ ደቡብ ጎንደርን ወደ ምሥራቅ ስትዘልቁ መሬቱ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጉና ተራራ ላይ ይደርሳል። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ረብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ዙሪያውን ይዘውታል። ከጋይንት ወዲያ መሬቱ መልሶ ይሰበርና በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው።

የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ ነው፣ የእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ። የላይ ጋይንቱ ነፋስ መውጫ ይባላል። ስሙን ያወጣው ሰው ያጋነነው ነገር የለም። በየካቲትና በመጋቢት እዚያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነጠላውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

እዚህ አገር ደጋና ቆላ የሚተያዩ ጎረቤቶች ናቸው። ከላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ አለ። ዝቅ ሲል ገብስና ድንች፣ ከዚያ ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያ ጤፍ፣ ወደ ሸለቆው ደግሞ ማሽላና ግራር። መኸር በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ከጥር ጀምሮ ሣሩ ይነጣል፣ ምንጩ ይቀጥናል፣ ነፋሱ ይነሣል። ሚያዝያ ድረስ ያለው ጊዜ የእሳት ወቅት ነው።

ይኼ ወቅት ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ይሄን ነገር ከተማ ሆነን ልብ አንለውም። እሳት ለማጥፋት ሽቅብ የሚወጣው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልም ውኃም ያልቀመሰ ሰው ነው።

ምድጃ ላይ ያለው እሳት

ስለ ሰደድ እሳት ከማውራታችን በፊት ስለ ምድጃው እሳት እናውራ። ምክንያቱም ተራራ ላይ የሚሠራው ጥበብ የተማረው ምድጃ ሥር ነው።

በገጠር ቤት እሳት አይጠፋም፣ ይዳፈናል። ማታ እራት ካለቀ በኋላ ፍሙ ይሰበሰብና ረመጥ ውስጥ ይቀበራል፤ አመድ ይለብሳል። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴቷ ተነሥታ አመዱን ትገልጣለች፤ ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ትላለች። ክብሪት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን የዳፈነችው እሳት ያላደረላት ሴት ልጇን ገል አስይዛ ጎረቤት ትልካለች። እሳት መጫር ይባላል። ልጁ ፍሙን በአመድ ሸፍኖ፣ ነፋሱን በሰውነቱ ከልሎ፣ ሣር ቤቱን በሩቁ ዞሮ ይመጣል። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ይሄን ያውቃል። እሳት እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ ከየት በኩል እንደሚነክስ ያውቃል።

አያቴ የአክስቴን ልጅ ስታስተምር ከሰማኋቸው ነገሮች አንዱ፣ «አመዱን በእጅሽ ሳትዳስሽ አትድፊው» የሚል ነበር። በዓይን ሳይሆን በእጅ። በላዩ ነጭና ቀዝቃዛ የሆነ አመድ ከሥሩ ፍም ይዞ ሊያድር ይችላል። ነፋሻ ቀን ከሆነ ያቺ አንዲት ፍም ክምሩ ላይ ትደርሳለች። ክምሩ ከቤቱ ጓሮ ነው፤ የዓመቱ የከብት መኖ ደግሞ እሱ ነው።

አማርኛ ለሁለቱ እሳቶች ሁለት ስም አለው። የቤቱ እሳት ብቻ ነው፤ የዱሩ ሰደድ እሳት ነው። ሰደደ ማለት ለቀቀ፣ አሰናበተ፣ ላከ ማለት ነው፤ ስደትም ከዚያው ሥር ይወጣል። ሰደድ እሳት እንግዲህ ከባለቤቱ እጅ የወጣ እሳት ነው። ቃሉ በራሱ አንድ ነገር ያስታውሰናል፦ አብዛኛው የዱር እሳት ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ሰው እጅ ላይ ነበር።

አምስት ሌሊት

ልጅ ሳለሁ አንድ ሁዳዴ ላይ አያቴ ቤት ሳለን ማዶ ያለው ገመገም ተቃጠለ። ስም የተሰጠው አደጋ አልነበረም። ጋዜጣ አልጻፈውም፣ ሬዲዮ አልተናገረለትም። ያየሁትን የምነግራችሁ እንዲህ ያለ እሳት በብዛት የሚነሣው እንዲህ ሳይሰማ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። አያቴ ጠላ ልትጠምቅ ጌሾ እየወቀጠች ነበር፤ ሙቀጫውን ትታ ቀና አለችና አፍንጫዋን አነሣች። የምድጃ ጭስ አልነበረም። ቀጥሎ ከላይ መንደር ኡኡታ ተሰማ፤ ጥሩምባ ተነፋ። አጎቴ አካፋውን ይዞ ሲወጣ፣ «እማዬ፣ ከብቱን ወደ ታች አውርጅ፤ ክምሩ ላይ ውኃ አስረጪበት» ብሎ ሄደ። የሠፈሩ ወንዶች በሙሉ ሄዱ። የደብሩ ቄስም መቋሚያቸውን በር ላይ አስደግፈው ቅርንጫፍ ሲቆርጡ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት የሴቶችና የልጆች ቀናት ነበሩ። አያቴ የቤቱን ሥራ ሁሉ እንደገና አደለደለችው። ምጣድ የሚጣደው ሌሊት ነው፤ ነፋሱ ከረፋድ በኋላ ስለሚነሣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥም ቢሆን ነበልባል አይነድም። ከዚያ ወዲያ ረመጥ ብቻ ነው። እህል ይቆላል፣ ባቄላ ይቀቀላል፣ ንፍሮው በአገልግል ይታሰርና ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ይላካል። ምንጩ ጋ ወረፋው እጥፍ ሆነ፤ የመጠጡ ውኃ፣ የከብቱ ውኃ፣ ክምር የሚረጠብበት ውኃና ለእሳት አጥፊዎቹ የሚሸከሙት ውኃ ከዚያችው ቀጭን ምንጭ ነው የሚቀዳው።

እኛ ልጆች ሁለት ሥራ ነበረን። አንዱ ከብት መጠበቅ ነው፤ ጭስ የሸተተው ከብት አይበላም፣ ይደነብራል፣ በረቱን ይጠላል። ሁለተኛው ብልጭታ መጠበቅ ነው። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ጥቁር የሣር ስብርባሪ እየተንሳፈፈ ይመጣል፤ አብዛኛው የሞተ ነው፤ አንዳንዱ ግን ጫፉ ቀይ ነው። ሣር ክዳን ላይ ካረፈ በመሰላል ወጥቶ በእርጥብ ከረጢት የሚመታ ልጅ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት? የቀረ ልጅ ምክንያቱን አልተጠየቀም፤ መምህሮቹም እሳቱ ጋ ነበሩ።

ማታ ማታ ገመገሙ በቀይ መስመር ይሰመር ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ለልጆች ያምር ነበር፤ ደመራ ተራራ ላይ የተለኮሰ ነው የሚመስለው። አያቴ ግን ወደዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው።

ከሥራ ልማዳችን አንፃር አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ጋይንት ሰው ወንፈል ሲወጣ ይቆጥራል፤ አንድ ቀን የሠራህለት ሰው አንድ ቀን ይሠራልሃል። ለእሳት የወጡበት ቀን ግን አይቆጠርም። አጎቴን ስንት ቀን እንደቆየ በኋላ ብጠይቀው ሊያስታውስ አልቻለም። ከሠፈሩ ያልወጣውን ሰው ግን ማንነቱን ያስታውስ ነበር።

በአምስተኛው ሌሊት እሳቱ ገደል ጫፍ ላይ ደርሶ ሣር ሲያጣ ጠፋ። ቤት አልተቃጠለም፤ ሰው አልሞተም። ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል፤ የእኛ ቤት ዕዳ ግን የጀመረው ያኔ ነው። ለክዳን የሚታጨደው ጓሳ የለም። ማገዶ የሚሆነው አስታ የለም። ማዶ ተሰቅለው የነበሩት ቀፎዎች የሉም። ከሁሉም በላይ ክረምት እስኪገባ ከብቱን የሚያቆየው ግጦሽ የለም። አያቴ በግንቦት አንዲት ጊደር ሸጠች። ጊደሯ ከሁለት ዓመት በኋላ ወልዳ ወተት የምትሰጥ፣ የታናሽ አክስቴም ጥሎሽ ልትሆን የታሰበች ነበረች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሥሩ የተራቆተው ዳገት አፈሩን ይዞ ወረደ፤ ምንጩ ለሳምንታት ደፍርሶ ከረመ። እሳቱ ያልነካው ቤት እሳቱን ዓመት ሙሉ ሲከፍል ኖረ።

ነገሥታቱ ያነደዱት፣ ገበሬው ያነደደው

አሁን ወደ ረጅሙ ታሪክ ልውሰዳችሁ። በዜና መዋዕሎቻችን እሳት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ጦር አብሮት አለ። በዚሁ አገር የታወቀው ምሳሌ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጥቅምት ገደማ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዳቸው በጋይንት በኩል ወደ ምሥራቅ ነበር። መድፉ መቅደላ የደረሰው ወራት ፈጅቶ ነው። የከተማዋን መቃጠል ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ እየተጠረገ መድፍ ሲጎተት የኖረባቸው የጋይንት ቤቶች በዚያ በጋ ምን በልተው እንደከረሙ ግን አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር አናገኝም።

የሣር እሳትን ታሪክ የጻፈው ሌላ ጸሐፊ ነው፤ እሱም የሐይቅ ጭቃ ነው። ከበሽሎ ማዶ፣ በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅና ሐርዲቦ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች አሉ። ከሥራቸው የተቆፈረው ደለል በንብርብር የተቀመጠ የአበባ ብናኝ ይዟል፤ የትኛው ዛፍ በየትኛው ዘመን ዙሪያውን እንደሸፈነው ከዚያ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት እንዲህ ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጥድ ደኑ ተመነጠረ። በምትኩ ክትክታና ሣር መጣ፤ ለ1,800 ዓመታት ያህልም ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው ተስፋፉ። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጠራውና የአፈር መሸርሸሩ በረታ።

ይሄን ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፤ እኛ አጠፋነው» የሚለው አጭር ታሪክ አይሠራም። ደኑ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ሄዷል። ሁለተኛ፣ መንጥሮ ማቃጠል የገበሬ ጥንታዊ መሣሪያ ስለሆነ እሳት ከዚህ ታሪክ ውጭ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እሳቱ ከማረሻው ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይለኩሳል? ከተማ ሆኖ ሲሰማ ክፋት ወይም ድንቁርና ይመስላል። እረኛውን ብትጠይቁት ግን መልስ አለው። ያረጀ አስታ ከብት አይበላውም፤ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ለግላጋ ግን መኖ ነው። ጥቅጥቅ ያለው አስታ ለነብርና ለጅብ መሸሸጊያ ይሆናል። ማር ቆራጭ በጭስ ይሠራል፤ ከሰል አክሳይ በእሳት ይሠራል፤ ማሳ አጽጂ ቆረቆንዳውን ያቃጥላል።

በባሌ ተራሮች የአስታውን እሳት ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እረኞቹ መቼና የት እንደሚለኩሱ በዝርዝር ያውቁ ነበር። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ለጥቂት ዓመታት እሳት አይዝም፤ እርጥብና አጭር ነው። ስለዚህ እዚህም እዚያም በተለያየ ዓመት የተቃጠለ ተራራ ውስጥ፣ አንዱ እሳት ለጋው አስታ ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ትናንሾቹ እሳቶች የትልቁ እሳት አጥር ይሆናሉ ማለት ነው። እሳቱ በደፈናው ሲከለከል አስታው ሁሉ እኩል ያረጃል፤ ያኔ የተነሣ እሳት የሚያቆመው አያገኝም።

ይሄን የምለው ሂዱና ለኩሱ ለማለት አይደለም። ጉና እንደ ባሌ ሰፊ አይደለም፤ ማሳው እላዩ ላይ ወጥቶበታል፤ የቀረው አስታ ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ደን ውስጥ እሳት መለኮስን ይከለክላል። ነገር ግን የለኮሰው ሰው ለምን እንደለኮሰ ሳይገባን የምንሠራው ክልከላ፣ መለኮሱን ከቀን ወደ ሌሊት ከማዛወር የዘለለ ነገር ያደርጋል ብዬ አላምንም። በሌሊት በድብቅ የተለኮሰ እሳት ደግሞ የሚጠብቀው ባለቤት የለውም። ለኳሹ ይሸሻል፤ ቅጠል የያዘም ሰው አጠገቡ የለም።

ጊዜዋ ስታልፍ

ጊዜዋ ካለፈች በኋላ የሚሆነውን አገራችን በትልቁ አይታዋለች። አንዱ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነደደ። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ ደን ተቃጠለ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመተ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ ሥራውን የጨረሰው ዝናብ ነው።

ሌላው ለጋይንት ቅርብ ነው። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያና የጭላዳ አገር ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እሳት ተነሣበት። ጠፋ ሲባል በሚያዝያ እንደገና አገረሸ። የኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። የስልካችን ስክሪን በጭስ ፎቶ ሞላ፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ፎቶዎቹን አሁን መልሳችሁ ብታዩ ግን ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ከሄሊኮፕተሩ በፊት፣ ከሄሊኮፕተሩም ጋር፣ ከሄሊኮፕተሩም በኋላ እዚያ የነበሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በእጃቸው ቅርንጫፍ ነው የያዙት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 20 ነው። ገደል ለገደል በባዶ ሆድ ሲወጡና ሲወርዱ ቆይተዋል። የእያንዳንዳቸውን ቤት አስባለሁ። ሌሊት የተጋገረውን እንጀራ፣ በአገልግል የታሰረውን ንፍሮ፣ ምንጭ ላይ የተሰለፉትን ልጆች። ፎቶ ውስጥ ያልገባው ግማሽ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ለዋልያው ሲባል የተወሰደ እርምጃ ነው፤ የሚያስማማ ምክንያትም አለው። ግን ሰው ከተራራ ሲወርድ አብሮት የሚወርድ ነገር አለ። ሣሩን የሚግጥ ከብት ይወርዳል፣ ሣሩን የሚቀንስ ማጭድ ይወርዳል፣ ጭሱን ቀድሞ የሚያሸት አፍንጫም ይወርዳል። ለዚህ ምትክ ሳይበጅ ተራራውን ባዶ ማድረግ አደጋ አለው።

ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ

የዛሬው ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አያቴ የምታውቀው አይደለም። ሣር ክዳን እየቀረ ነው፤ አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ለቤቱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብልጭታ ቆርቆሮ ላይ አርፎ ይሞታል፤ መሰላል ላይ የሚወጣ ልጅ አያስፈልግም። ግን ክዳን የማይፈልግ ሰው ጓሳ አያጭድም፤ ያልታጨደ ጓሳ ደርቆ ይቆማል። ቤቱ ከእሳት ሲርቅ ተራራው ለእሳት ቀረበ።

ባሕር ዛፍም አለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ለማገዶ ያስመጡት ዛፍ ዛሬ በየጓሮው ነው። ለጋይንት ገበሬ ባንኩ ነው፤ ልጅ ሲያገባ ይቆረጣል፣ ዕዳ ሲመጣ ይቆረጣል። ቅጠሉ ግን ዘይት አለው። ደርቆ ከሥሩ ከተነጠፈ እሳቱን ከገመገሙ እስከ ጓሮ ያደርሰዋል።

ያልተለወጠ ነገር ስፈልግ ደብሮቹን አገኛለሁ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ደን ለብሰዋል። የሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ ውስጥ 28ቱን አጥንተው 168 ዓይነት የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያ መዝግበዋል። እነዚህ ደኖች በእርሻና በግጦሽ መሀል ተከበው እዚህ የደረሱት ውስጣቸው ሁልጊዜ ሰው ስላለ ጭምር ነው። ቄሱ አለ፣ ቆሎ ተማሪው አለ፣ ጧት ማታ የሚሳለመው አለ። እዚያ የተነሣ እሳት ቁመቱ ጉልበት ሳይደርስ የሚያየው አያጣም። በኋላም በአንዳንዶቹ ዙሪያ ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ካብ ክቧል። ከብትን ይከለክላል፤ ማሳ ላይ የሚነድ ቃርሚያም ወደ ውስጥ እንዳይሻገር ያግዛል።

የሚያሳስበኝ የሰው ነገር ነው። እሳት መጫር የሚያውቅ ልጅ አሁን የለም፤ ክብሪት አለ፣ አንዳንድ ቤት የፀሐይ መብራት አለ። እሰየው ነው፤ ማንም ሴት ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ አመድ እፍ እንድትል አልመኝም። ጉልበት ያለው ወጣት ደግሞ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መተማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። የአጎቴ ልጆች ሦስቱም ወጥተዋል። በዚህ በጋ ማዶው ቢነድ ጥሩምባውን ሰምቶ የሚወጣው ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው አጎቴ ነው።

እናንተ እንደኔ ስልክ ላይ የምትውሉ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የናሳ ሳተላይቶች በምድር ላይ ያዩትን እሳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በካርታ ላይ በነጥብ ያወጣሉ፤ በነፃ ነው፤ ማንም ከፍቶ ያያል። በየካቲትና በመጋቢት ስከፍተው ጉና አካባቢ፣ በሽሎ አካባቢ ነጥብ መኖሩን አያለሁ። አንዷ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ መሬትን ትወክላለች። ሳተላይቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚያልፈው። እኔ ነጥቧን አይቼ ለአጎቴ ስደውል እሱ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አሽትቶታል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ነው የማገኘው። ያም ሆኖ እደውላለሁ። ከማዶ ቀበሌ ያለው ዘመዳችን ጭሱን ከጀርባው ስለሆነ ላያየው ይችላል፤ ለእሱም እደውላለሁ። ካልሰማ ይነሣል፤ ልጆቹን ይጠራል፤ ቅጠል ይቆርጣል።